ለትምህርት ቤቱም ለፋብሪካውም አንድ ዘመቻ፦ የሠራተኛና የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት እንዴት አብረው ይሠራሉ?

ጥያቄ፦ መምህርቷ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። በመምህራን ማኅበራችን የደኅንነት ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። የምናስተምርበት ሕንፃ ያረጀ በመሆኑ ትምህርት ሳይቋረጥ ጣሪያውና ግድግዳው እየታደሰ ሲሆን፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት ዴስኮቹን ሸፍኖ የሚያገኙትን ነጭ አቧራ በደረቅ መጥረጊያ እየጠረጉ ሳልና ራስ ምታት እንደበረታባቸው ይነግሩናል። ከግቢው አጥር ማዶ ደግሞ ቀለምና የቀለም ማቅጠኛ የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ ነፋሱ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር መስኮት ዘግተን ለማስተማር እንገደዳለን።

አንድ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ሁለቱንም ጉዳይ አንድ ላይ ይዘን ለአስተማማኝ ሥራ ቦታና ለጤናማ ትምህርት ቤት ዘመቻ እንድንጀምር ጋብዞናል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ችግሩ ያለው በፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር በኩል ነው። ከአባሎቹ ብዙዎቹ የተማሪዎቻችን ወላጆች ቢሆኑም፣ ፋብሪካውን ልናዘጋባቸው እንደተነሣን ስለሚጠረጥሩ ለመነጋገር እንኳ ፈቃደኛ አልሆኑም። እንዲህ ያለ ኅብረት በሌላ ቦታ ተሞክሮ ፍሬ አፍርቶ ያውቃል? የሚያዛልቅ ከሆነስ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ የቀድሞው የማኅበር ተጠሪ

እኅቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። በኬሚካል ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ የእነዚያን ሠራተኞች ጥርጣሬ አውቀዋለሁ፤ ከንቱ ፍርሃት አድርገው እንዳያዩት አደራ እላለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ወደ ፋብሪካ በር ሲመጡ ስለ ጭሱ እንጂ ከዚያ በኋላ የሠራተኛው ቤተሰብ በምን እንደሚተዳደር ሲናገሩ እምብዛም አይሰሙም። አሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ጤናንና እንጀራን በሁለት ሚዛን ላይ አስቀምጦ አንዱን ምረጡ ይላል። በዚህ ምርጫ ውስጥ ሠራተኛው እንጀራውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል?

ይሁንና ተሞክሮው አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በአሜሪካ የነዳጅ፣ የኬሚካልና የአቶሚክ ሠራተኞች ማኅበር በሼል ኩባንያ ላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ፣ ዋናው ጉዳዩ ደመወዝ ሳይሆን ጤንነትና ደኅንነት ነበር። ማኅበሩና አሠሪው በጋራ የሚቀመጡበት የደኅንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ከኩባንያው ውጭ የሆነ ባለሙያ የሥራ ቦታውን እንዲመረምር፣ ኩባንያው የያዘው የሕመምና የሞት መረጃ ለሠራተኛው እንዲገለጥ ጠየቁ። ሴራ ክለብን ጨምሮ በርካታ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ከአድማው ጎን ቆሙ፤ የቆሙበትም ምክንያት በፋብሪካው ውስጥ ያለው ሠራተኛ የሚተነፍሰው ነገር መጠኑ ቀንሶ አጥር ማዶ ላለው ነዋሪም እንደሚደርስ ስለተረዱ ነው።

የዚህ አካሄድ ዋና አራማጅ የነበረው የማኅበሩ መሪ ቶኒ ማዞኪ በኋለኞቹ ዓመታት ሌላ ነገር ጨመረበት። ለጤና ወይም ለአካባቢ ሲባል አንድ የሥራ ዘርፍ የሚታጠፍ ከሆነ፣ የዚያ ዘርፍ ሠራተኞች ገቢያቸውና የትምህርት ወጪያቸው የሚሸፈንበት ፈንድ ይቋቋም አለ። ዛሬ «ፍትሐዊ ሽግግር» እየተባለ በየስብሰባው የሚነሣው ሐሳብ አንዱ ሥሩ ይህ ነው፤ እንደ እኔ እምነት ግን በየስብሰባው የሚያነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ፈንዱ መናገሩን ትተውታል።

ስለዚህ የጋበዛችሁ ማኅበር በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቁት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ፋብሪካው እንዲዘጋ እንደማይጠይቅ፣ የሚጠይቀውም ማቅጠኛው ክፍት በርሜል ውስጥ መማሰሉ ቀርቶ ክዳን ባለው ገንዳ እንዲማሰልና ትነቱ ከምንጩ ላይ ተስቦ እንዲጣራ መሆኑን፣ በለውጡ ምክንያት ሥራው የሚነካ ሰው ቢኖር ለዚያ ሰው አብሮ እንደሚከራከር። ጋዜጠኛ ሳትጠሩ፣ መፈክር ሳትጽፉ፣ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ፋብሪካው ማኅበር ሂዱ። መጀመሪያ በዜና ከሰሙት ግን አለቀ።

መልስ፦ ሕግ ተመልካች

የቀድሞው ተጠሪ ባሉት እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ነው። የምንተነፍሰው ነገር ምን እንደሆነ ይነገረን ብላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ሠራተኛውም፣ መምህሩም፣ ወላጁም እኩል ሊያነሡት ይችላሉ፣ የማንንም ሥራ ያሳጣል ብሎ የሚከራከርም አይኖርም።

በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ የሆነውን ልጥቀስ። በዚያ ዘመን ሠራተኞች በእጃቸው የሚነኩትን ኬሚካል በንግድ ስሙ ወይም በኮድ ቁጥሩ ካልሆነ በቀር አያውቁትም ነበር፤ ሲጠይቁም የንግድ ምስጢር ነው የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። ለሥራ ቦታ ደኅንነት የሚታገሉ የሠራተኛ ቡድኖችና የአካባቢ ብክለት ያሳሰባቸው ድርጅቶች ተባብረው ጉዳዩን ወደ ከተማው ምክር ቤት ወሰዱት። ሲነገር እንደኖረው፣ ከዘመቻው ሰዎች አንዱ ምንም ጽሑፍ የሌለበት የጋዝ ሲሊንደር ይዞ ስብሰባው ላይ ቀረበና ቫልቩን ከፈተው፤ ፉጨቱን የሰሙት የምክር ቤት አባላት ደንግጠው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። የታመቀ አየር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ለምን እንደሚጠይቁ ማስረዳት ብዙ አላስፈለገም። የማወቅ መብት ደንቡ በ1981 ጸደቀ፤ በ1983 ደግሞ የኒው ጀርሲ ግዛት ሠራተኛውንና የአካባቢውን ነዋሪ በአንድ ስም ያጣመረ የማወቅ መብት ሕግ አወጣ። በታኅሣሥ 1984 በሕንድ ቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ መርዛማ ጋዝ ሺዎችን ሲገድል፣ ሐኪሞቹ የሚያክሙትን መርዝ ምንነት በውል ሳያውቁ ነበር የሚረባረቡት። ይህ አደጋ የቀሰቀሰው ድንጋጤ በ1986 በመላው አሜሪካ ፋብሪካዎች የሚይዙትንና የሚለቁትን ኬሚካል ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አስወጣ።

በዚያው ዓመት በ1986 ትምህርት ቤቶችን ብቻ የሚመለከት ሌላ ሕግ ወጥቷል። በእርሱ መሠረት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሕንፃቸው ውስጥ አስቤስቶስ (በአሮጌ ሕንፃዎች ጣሪያና ሽፋን ውስጥ የሚገኝ፣ ሲተነፍሱት የሚጎዳ ክር መሰል ማዕድን) መኖር አለመኖሩን ማስመርመር፣ ካለም የአያያዝ ዕቅድ ማዘጋጀትና በየ3 ዓመቱ ድጋሚ ማስፈተሽ፣ የዕቅዱንም መኖር ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሠራተኞች ድርጅቶች በየዓመቱ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ሕጉ በእናንተ ላይ ባይሠራም ለጥያቄያችሁ አጻጻፍ ጥሩ አርአያ ይሆናችኋል፤ የሚጠየቀው ሰነድ፣ የሚሰጠው ሰው፣ የሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ተለይቶ ተቀምጧል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት በሰኔ 2022 ባደረገው ጉባኤ አስተማማኝና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መርሆችና መብቶች ተርታ አሰልፎታል። ውጤቱም አንድ አባል ሀገር የሚመለከታቸውን ስምምነቶች ባያጸድቅ እንኳ መርሁን የማክበር ግዴታ የሚጣልበት መሆኑ ነው። በደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሱት።

መልስ፦ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያ

ሕግ ተመልካቹ የጻፉት ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። ሰነድ ተጠይቆ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል፣ አቧራው ግን ዛሬ ጠዋትም ተጠርጓል። ስለዚህ ከማንኛውም ደብዳቤ በፊት ደረቅ መጥረጊያው ይቁም።

ምክንያቱን ላስረዳ። አስቤስቶስ ሳይነካ በጣሪያና በቧንቧ ሽፋን ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሲበሳ፣ ሲሰበርና ሲፋቅ ግን በዓይን የማይታይ ክር ሆኖ ይበተናል፣ በመጥረጊያ በተነካ ቁጥርም እንደገና ወደ አየር ይነሣል። የሚያስከትለው በሽታ ከ10 ዓመታት በፊት እምብዛም አይታይም፣ አንዳንዴም 40 ዓመት ዘግይቶ ይመጣል። እንግዲህ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳል የመጣው ምናልባት ከሲሚንቶና ከጂብሰም ነው፤ «ስላላሳለን ደኅና ነን» ማለት ግን ስለ አስቤስቶስ ምንም አይነግራችሁም። ናሙናውን ራሳችሁ እንዳትቆርጡ፤ ፈቃድ ያለው ሰው ይውሰደው፣ ውጤቱ እስኪታወቅም አስቤስቶስ እንዳለ ተቆጥሮ ይሠራ። ወለሉና ዴስኩ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ተራ የኤሌክትሪክ መጥረጊያም አይረዳም፤ ረቂቁን ክር በፊት ስቦ በኋላው ይተፋዋል።

ከአሮጌ ግድግዳ የሚፋቅ ቀለም ሌላ ነገር አለበት፤ እርሳስ፣ ማለትም ሊድ የተባለው ብረት። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ብረት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል፤ ሕፃናት ወደ አፋቸው ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያሳልፉት መጠን ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በእጃቸው ዴስክ ነክተው በዚያው እጅ ምሳ የሚበሉት እነርሱ ናቸው።

ስለ መስኮቱም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንዳንድ ዘመቻዎች የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ለየክፍሉ ያድላሉ፣ ጠቃሚም ነው። የውጭው አየር ወደ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 420 እጅ) ያህል ሲሆን፣ መስኮቱ በተዘጋና ተማሪ በሞላበት ክፍል ቁጥሩ ከ2,000 ሲያልፍ ታያላችሁ፤ ይህም ክፍሉ ንጹሕ አየር እንዳላገኘ ያሳያል። ነገር ግን መሣሪያው የቀለም ማቅጠኛን ትነት አይለካም። ሰው መስኮት ከፍቶ ቁጥሩ ሲወርድለት የፋብሪካውን ትነት እያስገባ ሊሆን ይችላል። የፋብሪካው ሠራተኞች የምትፈልጓቸውም ለዚህ ነው፤ በየትኛው ሰዓት የትኛው በርሜል እንደሚከፈት የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው፣ ልኬቱም በዚያ ሰዓት ካልተደረገ ፋይዳ የለውም።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ መምህርቷ

ሁላችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጉዳዩን ስናነሣ ለጽዳት ሠራተኞቹ ጭምብል እንደታደለና ነገሩ እንደተፈታ ተነገረን። ከዚህም ሌላ ሠራተኞቹ የተቀጠሩት በትምህርት ቤቱ ሳይሆን በሥራ ተቋራጭ ስለሆነ የማኅበራችን አባላት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ስማቸው ከተጠራ እንደሚባረሩ ፈርተዋል። እነርሱን ወክለን መናገር እንችላለን?

መልስ፦ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያ

ጭምብል በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ አደጋው ከነጭራሹ ይወገድ ዘንድ ይሞከራል፤ ለምሳሌ ፍቅፋቂው ሁሉ ተማሪ በሌለበት በዕረፍት ወቅት ይሠራል። ካልሆነ በሌላ ይተካል፣ ካልሆነ የሚታደሰው ክፍል በፕላስቲክ ታሽጎ አየሩ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ቀጥሎ የሥራ ሰዓትና አሠራር ይስተካከላል፣ ጭምብል ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም የታደለው ስስ የጨርቅ ወይም የወረቀት ጭምብል ከሆነ ረቂቅ አቧራን አያግድም።

መልስ፦ ሕግ ተመልካች

ስለ ተቋራጩ፦ የ1981ዱ የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 17 ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች በአንድ የሥራ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ስለ ደኅንነት መተባበር እንዳለባቸው ይደነግጋል። ትምህርት ቤቱ «የእኔ ሠራተኞች አይደሉም» ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም ማለት ነው። ይኸው ስምምነት ሕይወትን ወይም ጤናን ለሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ በቂ ምክንያት አግኝቶ ከሥራው የራቀ ሠራተኛም እንዳይቀጣ ጥበቃ ይሰጣል።

የሚገኘውን ስምምነት ግን በቃል ተስፋ እንዳትተዉት። በ2013 በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ከልብስ ገዢ ኩባንያዎች ጋር የተፈራረሙት ስምምነት ከቀደሙት የሚለየው በግልግል ዳኝነት የሚያስገድድ በመሆኑና የፍተሻ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ በመደረጉ ነው። ሕንፃው ከመደርመሱ በፊት በነበረው ቀን ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፤ በታችኛው ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ሲመልስ የልብስ ሠራተኞቹ በማግስቱ ግቡ ተብለው ገቡ። እናንተም የፍተሻው ውጤት የትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ በጽሑፍ አስፈርሙ።

መልስ፦ የቀድሞው የማኅበር ተጠሪ

እነርሱን መወከል ሳይሆን ማስጠለል ብትሉት ይሻላል። ስም ሳይጻፍበት የሕንፃውን ንድፍ በትልቅ ወረቀት ሣሉና ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከግቢው ርቆ፣ እያንዳንዱ የጽዳት ሠራተኛ አቧራ የሚያይበትን፣ ዓይኑ የሚቃጠልበትን፣ በረኪና የሚቀላቅልበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርግበት። በረኪና ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ካለው ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ያልተነገራቸውም ይኸው ነው። የፋብሪካው ማኅበር ለመነጋገር ፈቃደኛ ሲሆን በተመሳሳይ ንድፍ ላይ የራሱን ያስቀምጥ። ደብዳቤው የሚወጣው በመምህራን ማኅበሩና በወላጆች ስም ይሁን፤ ካርታው ላይ ያለውን ምልክት ማን እንዳደረገው ማንም አይጠየቅ። የአካባቢ ጥበቃ ማኅበሩም ለመለኪያውና ለላቦራቶሪው ወጪውን ይሸፍን፤ ከገንዘብ ይልቅ ባነር ይዞ ከመጣ ግን ገና አልተግባባችሁም ማለት ነው።