ቴነሪፍ ለሚሄዱ ጥቆማ፦ በምን ትንቀሳቀሱ፣ የትኛውን ስፖርት የት ትሞክሩ

ከጀርመን፣ ከስዊድን ወይም ከእንግሊዝ ለዕረፍት ወደ ቴነሪፍ የሚበሩ ወዳጆቼ ሁሌ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው «መኪና ልከራይ ወይስ አውቶቡስ ይበቃኛል?» ነው። ሁለተኛው «አሸዋ ላይ ከመጋደም ሌላ ምን አለ?» ነው። እኔ ሁለተኛውን አስቀድሜ እመልሳለሁ። ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ መኪና ከያዛችሁ፣ መኪናው ሆቴል በር ላይ ቆሞ ገንዘባችሁን ይበላል። በአጭሩ የኔ ምክር ይህ ነው፦ ለባሕር ዳሩና ለከተሞቹ አውቶቡስ፣ ለተራራው ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን መኪና። ሳምንቱን ሙሉ መከራየት ለብዙ ሰው አያስፈልግም።

ደሴቷ የስፔን ናት፣ አቀማመጧ ግን አፍሪካ አጠገብ ነው። ከካናሪ ደሴቶች ትልቋ ስትሆን ስፋቷ 2,034 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። መሃሏ ላይ 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው የቴይዴ እሳተ ገሞራ ተገትሯል። የስፔን ከፍተኛው ተራራ እሱ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ እየመጣ ደመናውን ሰሜኑ ላይ ያከማቻል። ስለዚህ ሰሜኑ አረንጓዴና እርጥብ ነው፣ ደቡቡ ደረቅና ፀሐያማ። ሰሜኑ ላይ ፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ እየጨፈገገ ደቡቡ ላይ ሎስ ክሪስቲያኖስ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ሆቴል ስትይዙ ይህን አስቡ። ለባሕር ደቡቡን፣ ለጫካና ለእግር ጉዞ ሰሜኑን እመርጣለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያውም ሁለት ነው፣ ሰሜንና ደቡብ። ርካሽ ትኬት አየሁ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ላይ እንደሚያርፍ እዩ። ሆቴላችሁ ደቡቡ ላይ ኮስታ አዴሄ ሆኖ ሰሜኑ ላይ ከወረዳችሁ ደሴቷን ማቋረጥ ይጠብቃችኋል። ቢሆንም ሁለቱን የሚያገናኝ 343 ቁጥር አውቶቡስ አለ። ከፑዌርቶ ዴ ላ ክሩዝ ተነስቶ በሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ኮስታ አዴሄ ይደርሳል።

አውቶቡሱን የአገሬው ሰው «ጓጓ» ይለዋል። ድርጅቱ ቲትሳ ይባላል፣ አውቶቡሶቹ አረንጓዴ ናቸው። ሰዓት ያከብራሉ፣ ንጹሕ ናቸው፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት ሆድ አላቸው። ከዋና ከተማዋ ከሳንታ ክሩዝ ወደ ደቡብ በፍጥነት መሄድ የሚፈልግ 110ን ይያዝ። በደቡቡ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚያልፈው ደግሞ 111 ነው። እንደደረሳችሁ «ቴን ፕላስ» የሚባለውን ካርድ ግዙና ገንዘብ ሙሉበት። በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይረክሳል። አንዱን ካርድ ለባልም ለሚስትም መጠቀም ይቻላል፤ ለስንት ሰው እንደሆነ ለሾፌሩ መንገር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ስትሳፈሩ ካርዱን ማሽኑ ላይ ትነካላችሁ፣ ስትወርዱም መንካት አለባችሁ። ሂሳቡ በርቀት ስለሚሰላ መውረዳችሁን ካላሳወቃችሁት ከሄዳችሁበት በላይ ሊቆርጥባችሁ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ዝርዝር ያዙ። ለ50 ዩሮ መልስ የሚሰጥ ሾፌር አትጠብቁ።

የአውቶቡሱ ድክመት ተራራው ላይ ነው። ወደ ቴይዴ ከደቡብ 342፣ ከሰሜን ደግሞ 348 ቁጥር ይወጣሉ። ጠዋት ወጥተው ከሰዓት ይመለሳሉ፣ በቀን አንዴ ብቻ። መመለሻው ካመለጣችሁ ሌላ የለም። ቦታውን ለማየት ለመጣ ሰው ይበቃል። ረጅም መንገድ በእግሩ ለሚሄድ ግን ሰዓቱ ያስጨንቃል። እንዲህ ያለ ቀን ነው መኪና የሚያስፈልገው።

ሳንታ ክሩዝ ያረፈ ሰው ወደ ጎረቤቷ ከተማ ላ ላጉና በትራም ይሂድ። ቀጥተኛ ነው፣ ካርዱም ያው ነው።

ወደ መኪና ኪራይ እንምጣ። ትልልቆቹን ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሁሉም ያውቃቸዋል። እኔ ግን የደሴቶቹን የራሳቸውን ሲካርን እና አውቶሬይሰንን አስቀድሜ አያለሁ። ዋጋቸው ሙሉ ኢንሹራንሱን ይዞ ነው የሚቀርበው። ኢንተርኔት ላይ በቀን የማይታመን ዋጋ የሚያሳዩ ሌሎች አሉ። ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ከክሬዲት ካርዳችሁ ላይ ከባድ መያዣ ይቆለፋል፣ «ካልፈለጋችሁ ይህን ኢንሹራንስ ግዙ» ይባላል፣ ነዳጁም ሞልቶ ተሰጥቶ ሞልቶ የሚመለስ አይደለም። ዋጋ ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ትታችሁ መጨረሻ ላይ የምትከፍሉትን አወዳድሩ። መኪናውን ስትረከቡ ዙሪያውን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ጎማውንና የመስታወቱን ጥግ ሳይቀር። መንጃ ፈቃዳችሁ የአውሮፓ ኅብረት ወይም የእንግሊዝ ካልሆነ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከመነሳታችሁ በፊት አውጡ።

መንገዱ ጥሩ ነው። ቲኤፍ1 ደቡቡን፣ ቲኤፍ5 ሰሜኑን ይይዛል። ቲኤፍ5 ጠዋት ወደ ሳንታ ክሩዝ ሲገባ ይጨናነቃል፣ ሥራ የሚሄደው ሕዝብ የሚጠቀምበት ነው። ፓርኪንግ ላይ ሰማያዊ መስመር የሚከፈልበት ነው፣ ነጭ ነፃ ነው፣ ቢጫ ላይ አትቁሙ። ወደ ማስካ መንደር የሚወስደው ቲኤፍ436 ግን ሌላ ነው። ጠባብ ነው፣ እባብ ይመስል ይጠማዘዛል፣ ከፊት ትልቅ መኪና ሲመጣ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። መሪ ላይ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው 355 አውቶቡስን ይያዝ። ሾፌሮቹ በየቀኑ የሚነዱት መንገድ ነው፣ እናንተም ገደሉን ተረጋግታችሁ ታዩታላችሁ።

ወደ ቴይዴ ስትወጡ ለኛ ሰው የሚገርም ነገር አለ። የኬብል ካሩ መነሻ ጣቢያ 2,356 ሜትር ላይ ነው፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያን ቀጭን አየር ያውቀዋል። ነገር ግን ዓመታት ሐምቡርግ የኖረ ሳንባ ረስቶታል፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ኬብል ካሩ በ8 ደቂቃ ያህል 3,555 ሜትር ላይ ያወጣችኋል። ከዚያ እስከ ጫፉ ያለችው አጭር አቀበት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ በኢንተርኔት አስቀድሞ የሚወሰድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ፈቃዱን ያዙ። ነፋስ ሲበረታ ኬብል ካሩ ስለሚቆም የተራራውን ቀን ለዕረፍታችሁ መጨረሻ አታስቀሩት። የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ታች ይጠብቁ።

ታች መጠበቅ ደግሞ ቅጣት አይደለም። ለኔ ከጫፉ ይልቅ የሚወደደው በሮኬስ ዴ ጋርሲያ ዐለቶች ዙሪያ የሚሄደው መንገድ ነው። ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ አውቶቡሱም አጠገቡ ይቆማል። መጨረሻው ላይ ያለችው አቀበት ብቻ ታስተነፍሳለች። ልጆች ይችሉታል። ጃኬት ያዙ፤ ባሕር ዳር በቲሸርት ወጥታችሁ እዚያ ጥርሳችሁ ሊንቀጫቀጭ ይችላል። በብርዱ ወራት በረዶ ጥሎ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

ለመንገድ ስንቅ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ጎፊዮ ግዙ። ተቆልቶ የተፈጨ እህል ነው፣ የስንዴም የበቆሎም የገብስም አለ። ጥንት ስፔኖች ሳይመጡ የነበሩት የደሴቷ ሰዎች፣ ጓንቼዎቹ፣ ይመገቡት ነበር። ከረጢቱን ስትከፍቱ የሚወጣው ሽታ የበሶ ነው። የገብሱን በውኃና በትንሽ ማር ወይም ጨው አሽታችሁ ብትይዙት ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። ጾም ላይ ያላችሁም ትጠቀማላችሁ። ሬስቶራንት ውስጥ ደግሞ በጨው ውኃ የተቀቀለ ድንች «ፓፓስ አሩጋዳስ» በሞሆ መረቅ እዘዙ። ቀዩ ሞሆ ያቃጥላል፣ ለኛ ምላስ ይስማማል።

የእግር ጉዞ ቦታዎቹን ላወዳድር። አናጋ በሰሜን ምሥራቁ ጫፍ ነው፣ ዩኔስኮ በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። ጭጋግ የሚያጠጣው ጥንታዊ ጫካ ነው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ሽበት አብቅሏል። ከላ ላጉና በአውቶቡስ ክሩዝ ዴል ካርመን ወርዶ መንገዶቹን መጀመር ይቻላል። ከሁሉም አናጋን አስቀድማለሁ፤ ቀላልም ከባድም መንገድ አለው፣ መኪናም አያስገድድም። ኤል ፒሃራል የሚባለው ክፍሉ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ጭቃው ያንሸራትታል፣ በስኒከር አትሂዱ።

የማስካ ሸለቆ ዝናው ትልቅ ነው፣ የሚገባውም ነው። መንደሩ ከባሕር ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ሸለቆው ባሕር ድረስ ይወርዳል። አሁን ቦታ አስይዞ፣ የተራራ ጫማ አድርጎ፣ ሄልሜት ለብሶ ነው የሚገባው። ታች በጀልባ ወደ ሎስ ሂጋንቴስ ልውጣ የሚል ሰው የዚያን ቀን ጀልባ መኖሩን ያረጋግጥ። ከሌለ የወረደውን ሁሉ መልሶ መውጣት ነው፣ ጉልበት የሚጨርሰውም እሱ ነው። ጉልበቱ ለማይፈቅድ አዴሄ ከተማ በላይ ያለው ባራንኮ ዴል ኢንፊየርኖ ይሻለዋል። ደርሶ መልስ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መጨረሻው ፏፏቴ ነው። እሱም ይከፈልበታል፣ በቀን የሚገባው ሰው የተወሰነ ስለሆነ አስቀድማችሁ አስይዙ።

ነፋስ የሚፈልግ ኤል ሜዳኖ ይሂድ። ዊንድሰርፊንግ (ሸራ ባለው ሰሌዳ መንሳፈፍ) እና ካይት ሰርፊንግ (በትልቅ ካይት እየተጎተቱ መንሳፈፍ) ማለት እዚያ ነው። ነፋሱ በሐምሌና ነሐሴ ይበረታል፣ ለለመደ ሰው ደስታ ነው። ለጀማሪ ግን ትምህርት ቤቶቹ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ረገብ ያለ ሰዓት ይመርጣሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቁ። ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ ጋ ሂዱ፣ ተራ ስትጠብቁ ሰዓቱ ያልቅባችኋል። ሞገድ የሚፈልግ ደግሞ ፕላያ ዴ ላስ አሜሪካስ ነው። እዚያ ከታች ያለው ስለታም የላቫ ድንጋይ ነው። የለመዱት ከሚጋልቡበት ቦታ ራቁ፣ መምህሩ ወደ አሸዋማው ይውሰዳችሁ።

ዓሣ ነባሪ ማየት ከፈለጋችሁ ቴነሪፍ ትክክለኛው ቦታ ነው። በቴነሪፍና በጎረቤቷ ደሴት በላ ጎሜራ መካከል ባለው ባሕር ፓይለት ዌል የሚባሉት ዓመቱን ሙሉ ይኖራሉ። ጀልባ ስትመርጡ «ባርኮ አሱል» የሚለውን ሰንደቅ ፈልጉ፣ በሕጉ መሠረት ፈቃድ ያለው ማለት ነው። ሙዚቃ የሚያስጮኸውንና መጠጥ የሚያድለውን ትልቁን ጀልባ ትቼ፣ ጥቂት ሰው የሚይዘውን ትንሹን እመርጣለሁ። ትንሹ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፣ ሲተነፍሱ ይሰማል። «አብራችሁ ትዋኛላችሁ» የሚል ካገኛችሁ አትሂዱ፣ የተከለከለ ነው። ባሕር የሚያመው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ።

ዳይቪንግ የምትሞክሩ ይህን ቅደም ተከተል አጥብቁ። ከጠለቃችሁ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ ቴይዴ አትውጡ፣ አውሮፕላንም አትሳፈሩ። በግፊት የገባው ናይትሮጅን ከሰውነት እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ ሰውን ይጎዳል። ስለዚህ ተራራው ይቅደም፣ ባሕሩ ይከተል።

ብስክሌት የሚወድ በብርዱ ወራት ቴይዴ መንገድ ላይ ታላላቅ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ሲሠለጥኑ ያያል። ከሎስ ክሪስቲያኖስ በቢላፍሎር በኩል ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ነው። ያልለመደ የኤሌክትሪኩን ይከራይ፣ ምንም አያሳፍርም። ፍሬኑን ግን እዚያው ፈትሹ፣ መውረዱ ረጅም ነው። ከከተማ ውጭ ሄልሜት ግዴታ ነው።

ከልጆች ጋር ለመዋኘት ላስ ቴሬሲታስን የሚያህል የለም። አሸዋው ከሰሃራ በመርከብ የመጣ ነው፣ ፊት ለፊቱ የድንጋይ ግድብ ስላለ ሞገድ አይገባም። ከሳንታ ክሩዝ 910 አውቶቡስ ያደርሳችኋል። ቤኒሆ ፎቶ ላይ የምታምር ባሕር ዳር ናት፣ ግን ውስጥ ውስጡን የሚጎትት ጅረት አለባት፣ ልጅ አታስገቡ። ጋራቺኮ በ1706 የፈሰሰው ላቫ የሠራቸው የተፈጥሮ ገንዳዎች አሉ፣ ባሕሩ ሲረጋጋ ብቻ ግቡ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም ቢገባ እናንተ አትግቡ። አደጋ ከደረሰ 112 ደውሉ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ከሎስ ክሪስቲያኖስ ወደብ ወደ ላ ጎሜራ ተሻገሩ። የፍሬድ ኦልሰን ፈጣን መርከብ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ጋራሆናይ ብሔራዊ ፓርክ እዚያ ነው፣ ከ1986 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ጠዋት በመጀመሪያው መርከብ ሂዱ፣ መመለሻውንም አብራችሁ ቁረጡ። የተከራያችሁትን መኪና ይዛችሁ መሻገር ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ኩባንያውን ጠይቁ። አንዳንዱ ውል መኪናው ከደሴቷ እንዲወጣ አይፈቅድም፣ እዚያ ቢበላሽ ኢንሹራንሱ አይሸፍናችሁም።