አዱሊስ ላይ «ተገጣጥሞ የመጣ» ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ?

የዙላ መንገድ
የአክሱም መንግሥት የቀይ ባሕር ወደብ ስለነበረችው ስለ አዱሊስ የተሠራ አንድ ቪዲዮ ትናንት አይቼ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ልጁ ፍርስራሹ መሐል ቆሞ «ይህ ከቁስጥንጥንያ ተገጣጥሞ የመጣ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላል፤ የምሥራቅ ሮም መንግሥት ማለቱ ነው። ከጀርባው ግን ግንቡ ይታያል። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ባለ መደብ ላይ ነው የተነሳው። አክሱምን ያየ ሰው ይህን አሠራር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ከውጭ የመጣው እብነ በረዱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት እዚያው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለምን ይነጠቃሉ?

ማርማራ
ልጁ ያን ያህል አልተሳሳተም። እብነ በረዱ ቁስጥንጥንያ አጠገብ ያለው የማርማራ ባሕር ደሴት ከሆነችው ከፕሮኮኔሶስ ነው። እዚያ ዓምዱን፣ መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየውን አጥር፣ ሁሉንም ጠርበው በመርከብ ይልኩ ነበር። ሲሲሊ ጠረፍ፣ ማርዛሜሚ አጠገብ፣ አንዲት የ6ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን እብነ በረድ እንደጫነች ሰጥማ ተገኝታለች። አዱሊስ የደረሰውም ያው ዓይነት ሥራ ነው። «ተገጣጥሞ የመጣ» ቢል ምን ያስቆጣል?

ግንበኛ ነኝ
ሃያ ዓመት በግንባታ ሥራ ኖሬያለሁ። ተጠርቦ መምጣትና ተገጣጥሞ መምጣት አንድ አይደሉም። ተገጣጥሞ የመጣ ነገር ቦታው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ አለቀ። ተጠርቦ የመጣ ድንጋይ ግን መሠረት የሚቆፍር፣ ውኃ ልክ የሚያይ፣ ግድግዳ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋል። የእኔ ቤት ሴራሚክ የጣሊያን ነው። ቤቱ የጣሊያን ነው የሚለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ማርማራ
ወንድሜ፣ ሴራሚክና መቅደስ አይነጻጸሩም። ደግሞ ሁሉም ስለ ትልቁ ብቻ ነው የሚያወራው። በስተ ምሥራቅ ያለው ሌላው ቤተ ክርስቲያንስ? ዓምዶቹ በክብ ተደርድረዋል፣ ጉልላት ሳይኖረው አይቀርም ተብሏል። ይህ ሐሳብ ከባይዛንታይን ካልመጣ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የካርቦን ምርመራ ትልቁን ከ535 በፊት፣ ይኼኛውን ከ544 በፊት ያደርገዋል። የባይዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ የነገሠው ከ527 ጀምሮ ነው። ዘመኑም ይገጥማል።

የዙላ መንገድ
ከ535 በፊት ካልክ እኮ የአፄ ካሌብ ዘመንም ነው! በደቡብ ዐረብ ያሉትን የናግራንን ክርስቲያኖች ሊታደግ ቀይ ባሕርን የተሻገረ ንጉሥ ወደቡ ላይ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ያቅተዋል? ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ የደረሰው ካሌብ ለዘመቻው ሲዘጋጅ ነው። የከተማዋን የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ የጻፈልን እሱ ነው። ያየው የሮም ቅኝ ግዛት አልነበረም። የራሷ ንጉሥ ያላት አገር ነበረች።

ወለተ ሥላሴ
እኔን ያስከፋኝ ሌላ ነው። ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 በኋላ እኛና የቁስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ተለያይተናል። «የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን» ሲባል የሚሰማው ሰው የእነሱ እምነት ነበር ብሎ ነው የሚረዳው። ደግሞ «ባይዛንታይን» የሚለውን ስም ራሳቸውም አያውቁትም። ሮማውያን ነን ነበር የሚሉት። የእኛ አባቶችም «ንጉሠ ሮም» ብለው ነው የጻፉት።

ማርማራ
እህቴ፣ ድንጋይ ሃይማኖት የለውም። የምናወራው ስለ አሠራር ነው።

ወለተ ሥላሴ
ድንጋይ ሃይማኖት የለውም? ያ አጥር የቆመው እኮ ካህኑ ከገባበት ስፍራ ሕዝቡ እንዳይገባ ነው። እዚያ ተቀድሷል። በትልቁ በኩል የመጠመቂያው ቅሪት አለ፣ ሰው ተጠምቆበታል። ለአንተ አሠራር ይሆናል፣ ለእኔ ደጀ ሰላም ነው።

ከምጽዋ
ሁላችሁም «የእኛ» «የእኛ» ትላላችሁ። አዱሊስ ያለችው ኤርትራ ውስጥ ነው፣ ከምጽዋ በስተ ደቡብ። አጠገቧ ያለችውን ዙላን ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? ሙቀቱን የቻለው፣ ቦታውን ሲጠብቅ የኖረው የዙላ ሰው ነው። ስሙን የሚጠራው ግን የለም።

የዙላ መንገድ
ወንድሜ፣ ድንበር አላነሳሁም። የጥንቱን መንግሥት ነው ያልኩት።

ከምጽዋ
አነሳህ እንጂ። «እኛ» ስትል ማንን ማለትህ ነው? እሱን ንገረኝ።

ሰሎሞን ከለንደን
ስለ ባለቤትነት ከተነሳ አንድ ልበል። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ የዘመተው ከዙላ ተነስቶ ነው። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ካፒቴን ጉድፌሎ የተባለ መሐንዲስ አዱሊስን ቆፈረ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንም አገኘ። የእብነ በረዱ ስብርባሪ ዛሬም በብሪትሽ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ። ከመቅደላ ስለወጣው ታቦትና ብራና ሁላችንም እንጮኻለን። ስለ አዱሊስ የጮኸ ግን አልሰማሁም። ይመለስ ብንልስ?

ከምጽዋ
ወዴት ይመለስ? እሱን አብረህ ጻፈው።

ሰሎሞን ከለንደን
ከወጣበት። ወደ ኤርትራ።

ወለተ ሥላሴ
ወደ ሙዚየም ከሆነ አልስማማም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው መመለስ ያለበት።

ኑርያ
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ከፈረሱ በኋላ ሙስሊሞች እዚያው ቀብረዋል። በ2022 ውጤቱ ከታተመው ቁፋሮ የተገኘ ነው። ስለዚህ ቦታው መቃብርም ነው። ልጁ ቪዲዮ ለመቅረጽ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል እኔ ያየሁት ያንን ነው። የሞቱት የማን እንደሆኑ ከመከራከራችን በፊት ቀስ ብሎ መርገጥ አይቀድምም?

የዙላ መንገድ
ልክ ነሽ እህቴ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ማርማራ
እኔም አላሰብኩትም። ግን ወደ ነገሬ ልመለስ። እብነ በረዱን ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ማስመጣታቸው በራሱ ቁስጥንጥንያን መምሰል እንደፈለጉ ያሳያል። ያንን መናገር ማንንም መንጠቅ አይደለም።

ግንበኛ ነኝ
መምሰል ፈለጉ በል፣ እቀበልሃለሁ። ተጠርቦ መጣ በል፣ እሱንም እቀበላለሁ። «ተገጣጥሞ የመጣ» የሚለውን ግን ተው።

ማርማራ
እሺ፣ መቅደሱ ውስጥ ያለው ተገጣጥሞ የመጣ ነው ልበል?

ግንበኛ ነኝ
አሁንም «ተገጣጥሞ» አልክ። ማን ገጣጠመው?