ለስኳር ሕመምተኛ እናቴ የገዛሁት «የጤና ብስኩት» ጎዳት፤ ቁርስ ምን ልሥራላት?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)
ሰላም ወገኖቼ። እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ የስኳር ሕመም አለባት። ጠዋት ወደ ሥራ ስለምጣደፍ «ሙሉ እህል» የሚል ብስኩትና «ስኳር ያልተጨመረበት» የብርቱካን ጭማቂ ገዛሁላት። ከቁርስ ሁለት ሰዓት በኋላ ስትለካ 170 አካባቢ የነበረው ስኳሯ በሁለተኛው ሳምንት 260 ገባ። መድኃኒቷን አላቋረጠችም። በገዛ እጄ የጎዳኋት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላዘጋጅላት?

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አዳማ)
እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ። ማሸጊያውን ገልብጪና ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ግብዓቶች የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ነው፤ በብዛት የገባው ይቀድማል። ሙሉ ስንዴው ወደ ታች ከወረደ የፊት ለፊቱ ጽሑፍ ጌጥ ነው። ማልቶዴክስትሪንና ግሉኮስ ሽሮፕም ስማቸው ስኳር አይባል እንጂ የደም ስኳርን በፍጥነት ያንራሉ። ጭማቂው ደግሞ የፍሬውን ስኳር ይዞ ቃጫውን የጣለ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውስጥ 20 ግራም ያህል፣ ማለትም አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ከተጨመረ ስኳር ጋር አንድ ላይ ይቆጥረዋል። ብርቱካኑን ልጣ ትብላው፤ አንድ ፍሬ።

መልስ (ዳቦ ጋጋሪ)
ጥቁር ዳቦም እንዳያታልልሽ። እኔ በሠራሁበት ቤት ፉርኖ ዱቄቱን በተቃጠለ ስኳር እናጠቁረው ነበር። ስትቆርሺው ፉርሽካው ይታይ እንደሆነ እዪ።

መልስ (እናት፣ ሐዋሳ)
ልጄ፣ የገብስ ቂንጬ ሥሪላት። አንድ ስኒ የተከካ ገብስ አጥበሽ ማታ ዘፍዝፊ። ጠዋት በሦስት ስኒ ውሃ፣ በዝግታ እሳት ጣጂው፤ ውሃውን መጥጦ ፍሬው ሲለሰልስ፣ ሳይላቁጥ አውጪው። ጥቂት ጥቁር አዝሙድ፣ ቆንጠር ጨው፣ ጠብ ያለ ዘይት ይበቃዋል። ከጎኑ ግማሽ አቮካዶ አድርጊላት፤ መቼም በእኛ ከተማ አቮካዶ አይጠፋም። ሁለት ጭልፋ ለክተሽ ስጫት። ባለቤቴን ስምንት ዓመት ሙሉ ያበላሁት ይህንኑ ነው። ማር ግን እንዳትጨምሪ፤ «ተፈጥሮ ነው» የሚሉሽን አትስሚ።

መልስ (ነርስ)
የእማማ ምክር ጥሩ ነው። ነገር ግን የላመ ዱቄት ገንፎና ሙሉ እንጀራም የቤት ምግብ ሆነው ስኳር ያንራሉ፤ ዋናው መጠኑ ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ እንክብሎች የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ምግቧን በድንገት መቀነስ ስኳሯን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ልኬቶቹን ጽፈሽ ሳትዘገዪ ለሐኪሟ አሳዪ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ገልብጬ አየሁት፤ ሙሉ ስንዴ አምስተኛ ላይ ነው የተጻፈው፣ ከስኳር በታች። ነገ ልኬቶቹን ይዘን ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን። ገብሱ ተዘፍዝፏል።