በቂሊንጦና በአቃቂ ዙሪያ ተማሪ የዕረፍት ቀኑን የት ያሳልፋል?

ጠያቂ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ከክፍለ ሀገር የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ቂሊንጦ መሆኑን የሰሙ የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ሁሉ «እሱማ ከከተማ ውጪ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እኛ ጋ እየመጣሽ ትዝናኛለሽ» ይሉኛል። ይሁን እንጂ ፒያሳ ከዚህ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ በየሳምንቱ ደርሶ መመለሱ ጊዜንም የኪስ ገንዘብንም የሚጨርስ ሆኖብኛል። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ከትምህርት የተረፈውን ጊዜ በደንብ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ፣ ቀድማችሁ የገባችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የአምስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ዘመዶችሽ የሚያወሩት ስለ ድሮው ቂሊንጦ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ዙሪያው በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬ ግን የቱሉ ዲምቱ፣ የቂሊንጦና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች በነዋሪ ተሞልተዋል። በሕንፃዎቹ ምድር ቤት ካለው የጀበና ቡና ቤት በአንዲት ስኒ ቡና ረጅም ሰዓት ተቀምጠሽ ብታጠኚ ወይም ከጓደኞችሽ ጋር ብትጨዋወቺ ደስ ይልሻል። አመሻሽ ላይ በየብሎኩ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ሕፃናትና ወጣቶች ኳስ ሲጫወቱ ታያለሽ፤ ወንዶቹ ጓደኞቻችን አብረው ለመጫወት የሚጠይቁት ቡድኑ ሰው ጎድሎት እንደሆነ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኛ ያለነው በከተማዋ መውጫ ላይ መሆኑን አትርሺ። ከአቃቂ ተነስተሽ በአሮጌው መንገድ ገላንንና ዱከምን ካለፍሽ ቢሾፍቱ ትደርሻለሽ። ከመሀል ከተማ የሚመጣው ሰው የሳሪስንና የቃሊቲን መጨናነቅ ሲታገል፣ አንቺ ሆራ ሐይቅ ዳር ተቀምጠሽ ልትጠብቂው ትችያለሽ።

የአቃቂ ነዋሪ

ልጄ፣ እኔ ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ ስለሆነ፣ ተማሪዎች ሳያዩት ተመርቀው የሚሄዱትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከአቃቂ ከተማ በስተደቡብ፣ ወንዙ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ በሚወርድበት በኩል ያለው ረግረጋማ ሜዳ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ በዓለም ደረጃ ይታወቃል። በአውሮፓ ክረምት ሲገባ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በበጋው ወራት እዚህ ያርፋሉ። ከእነሱ መካከል ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫዎቹ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ በመንጋ ተነስተው አዝመራው ወደተሰበሰበበት ማሳ እየበረሩ የረገፈ እህል ይለቅማሉ። ድምፃቸው ከሩቅ ስለሚሰማ ገና ሳታያቸው መምጣታቸውን ታውቂያለሽ። በታኅሣሥና በጥር ከሄድሽ ደግሞ በመንገድ ላይ የሽምብራ እሸት በእስር ሲሸጥ ታገኛለሽ፤ እየፈለፈሉ መብላቱ ራሱ ጨዋታ ነው።

አባ ሳሙኤልም የሀገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኗል። ምህንድስና የሚማር ሰው ይህን ያህል ቀርቦ ሳያየው ቢቀር ያሳዝነኛል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

የጋሼ ምክር መልካም ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ ስለሚወርድ ውሃውን በእጅ መንካት እንኳ ተገቢ አይደለም። እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ሀብት በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ መሆኑ ሁላችንንም ሊያስቆጨን ይገባል። በተጨማሪም ብቻሽን አትሂጂ፤ የአካባቢውን ሰው ፈቃድ ሳትጠይቂም ማሳ ውስጥ አትግቢ።

ሁሉ ነገር እዚህ ይገኛል ማለትም ልክ አይመስለኝም። ቴአትር፣ ብሔራዊ ሙዚየምና አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መሀል ከተማ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ጠዋት በማለዳ ተነስቶ መሄድ ይገባል። ሲመሽ ቃሊቲ ላይ የታክሲ ሰልፍ ስለሚረዝም፣ ከሁሉም ነገር የመመለሻ ሰዓትሽን አስቀድመሽ ወስኚ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ወፎቹን ለማየት ከዶርም ጓደኞቼ ጋር አሁኑኑ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ብንሄድ ይሆናል?

የአቃቂ ነዋሪ

አሁን አይሆንም፣ ልጄ። ወፎቹ ገና አልመጡም፤ ደግሞም የአካባቢው አፈር መረሬ ስለሆነ ዝናብ ሲጠጣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ጥቅምት አልፎ መሬቱ ሲደርቅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቦታው እንድትደርሱ አድርጋችሁ ሂዱ።