በፈረንጅ ገና ማግስት የተገዛ ስቲልተን ቺዝ ለእኛ ገና ይደርሳል?

ሸዋዬ_ለንደን ጠየቀች፦

ሰላም ቤተሰብ። የፈረንጅ ገና ሲያልፍ ስቲልተን (ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት የእንግሊዝ ቺዝ) ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ግን ያኔ ጾም ላይ ነን። አየሩ ተመጦ በፕላስቲክ የታሸገ 600 ግራም ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ አለ። የሚቀርበው ጃንዋሪ 7 ማታ፣ ከዶሮ ወጡ በኋላ ነው። 10 ሰው እንሆናለን። ሳይበላሽ ይደርሳል? ከሱ ሌላ ምን ልጨምር፣ ስንት ግራምስ ይበቃል? ከእንግዶቹ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። የእኛን አይብ ለለመደ ሰው የሚስማማም ካለ ጠቁሙኝ።

ጓዳ_ጠባቂ መለሰ፦

እሽጉን እስካልከፈትሽው ድረስ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን የተጻፈበትን ቀን እዪ። «ዩዝ ባይ» የሚለው የጤና ገደብ ስለሆነ አይታለፍም። «ቤስት ቢፎር» የሚለው የጣዕም ነው፤ ስቲልተን ጥቂት ቀን ቢያልፈውም በዓይንና በአፍንጫ ይዳኛል።

ጃንዋሪ 5 ማታ ወይም 6 ጠዋት ክፈቺው። ሰማያዊዎቹ ሥሮች ፈዘው፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ግራጫ አድልተው ብታገኚያቸው አትደንግጪ። ሻጋታው አየር ይፈልጋል። ሠሪዎቹ ቺዙ አምስት፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላው በረጃጅም የብረት መርፌ የሚወጉትም አየር እንዲገባለት ነው። ከፕላስቲኩ ወጥቶ ትንሽ ሲተነፍስ ቀለሙ ይመለሳል። ላዩ ላይ ያለውን እርጥበት በወጥ ቤት ወረቀት አድርቂና በሰም ወረቀት፣ እሱ ከሌለ በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ጠቅልለሽ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጊው። ቦታው የፍሪጁ የአትክልት መሳቢያ ነው፤ እዚያ ቅዝቃዜው ረገብ ይላል። ቅቤና ኬክ አጠገቡ አይቀመጡ፣ ሽታውን ይወስዳሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍቶ ሲያበቃ በስስ ፕላስቲክ አጥብቆ ሲጠቀልለው ነው። ያልበዋል፣ ገጹ ይሙለጨለጫል፣ የአሞኒያ ሽታ ይታፈንበታል። ሳይሸፈን ከተተወ ደግሞ ጠርዙ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ተቆርጦ በተገለጠው ፊቱ ላይ ነጭ ጸጉር ቢያበቅል 1 ሳንቲሜትር ያህል ገፈሽ ጣዪለት፣ የቀረው ይበላል። ሁለመናው ከላቆጠና ሽታው ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ግን ሙሉውን ጣዪው። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢው፤ ሲቀልጥ ይፈረካከሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለሾርባ ብቻ ነው።

ቢላና_ሰሌዳ መለሰች፦

ስለ መጠኑ እኔ ልንገርሽ። ቺዙ ራሱ ራት ቢሆን በሰው 100 ግራም እል ነበር። ከዶሮ ወጥ በኋላ 60 ግራም ይበቃል፤ ያውም የሚተርፍ ይመስለኛል። በጠቅላላው 600 ግራም መሆኑ ነው። ስለዚህ ስቲልተኑን በሙሉ አታውጪ። 250 ግራም ቆርጠሽ አቅርቢና በቀረው ቦታ ሁለት ሌላ ዓይነት ጨምሪ። ስምንት ዓይነት እየገዙ ትንንሽ ቁራሽ መደርደር አልወድም፤ ትንሽ ቁራሽ ቶሎ ይደርቃል፣ ማን የቱን እንደቀመሰም አያስታውስ።

አንዱ ላንካሻየር ይሁን። ጉስናርግ መንደር አጠገብ የሚሠራውን የሚስስ ኪርካምስን ካገኘሽ እሱን ያዢ። የአንድ ቀን ወተት ብቻ አይደለም፤ በተለያዩ ቀናት የረጋው ተቀላቅሎ ነው የሚጨመቀው። ሲቆርጡት የሚፈረፈረው፣ አፍ ውስጥ ግን እንደ ቅቤ የሚቀልጠው በዚህ ነው። ከቺዞቹ ሁሉ ለአይብ ለለመደ ምላስ ቅርቡ እሱ ይመስለኛል፤ ኮምጠጥ ብሎ ለስላሳ ነው። ሌላው ኮርኒሽ ያርግ ነው። ከኮርንዎል የሚመጣ፣ በሳማ ቅጠል የተጠቀለለ ቺዝ። አዎ፣ ያው የሚለበልበው ሳማ፣ ግን አንዴ ፍሪዘር ገብቶ በረዶ ከሆነ በኋላ አይለበልብም። ስሙ የኮርንዎል ቃል ይመስላል እንጂ «ግሬይ» የሚለው የሠሪዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ከኋላ ወደ ፊት ተነብቦ ነው።

ከፍሪጅ የሚወጡት ከመቅረባቸው 1 ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ነው። ከነወረቀታቸው ይውጡ፤ ገላልጠሽ ከተውሻቸው ላያቸው ይደርቃል፣ ውስጣቸው ግን ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ቀዝቃዛ ቺዝ ጨው ጨው ብቻ ይላል። ቤቱ በማሞቂያና በምድጃ የጋለ ከሆነ 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅባቱ ላዩ ላይ እንደ ላብ ማንጠባጠብ ከጀመረ ዘግይተሻል።

አቆራረጡንም ጠብቂ። የስቲልተን ሽብልቅ ቀጭን ጫፍ የቺዙ መሐል ነው፣ ሰማያዊውም የሚበዛው እዚያ ነው። አንድ ሰው ጫፉን ቆርጦ ከወሰደው ለሌላው ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው በክፉ ዓይን ነው የሚያዩት። ከጫፉ ተነስተሽ ወደ ቅርፊቱ፣ እንደ ማራገቢያ ክንፍ ዘርግተሽ ቁረጪ፤ ለሁሉም ከመሐሉም ከጠርዙም ይደርሳል። ለስቲልተኑ የራሱ ቢላ ስጪው፣ አለዚያ ላንካሻየሩም ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል።

ሸዋዬ_ለንደን፦

እግዜር ይስጥልኝ። ቼዳርንስ ለምን ተዋችሁት? በጨርቅ የተጠቀለለ የሶመርሴት ቼዳር አይቼ ላነሳው ነበር።

የሶመርሴት_ጎረቤት መለሰ፦

እንኳን ቀድመሽ ጠየቅሽ። በጨርቅ የሚጠቀለለው ቼዳር አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ የሚጣበቀው በአሳማ ሞራ ነው። የቆየ አሠራር ነው፤ ሞራው ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅና ቺዙ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያደርጋል። ጨርቁ ከመሸጡ በፊት ቢገፈፍም ሞራው ቅርፊቱን ነክቶታል። ለሙስሊሞቹ ብቻ አይደለም፣ አሳማ ለማይበሉት ኦርቶዶክሶችም ጉዳዩ ያው ነው። ሚስስ ኪርካምስም በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ግን የሚቀባው ቅቤ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ሻጩን «ጨርቁ በምን ነው የተቀባው?» በይው። ጥሩ ሻጭ ወዲያው ይነግርሻል።

ሁለተኛው ነገር ሬኔት ነው፤ ወተቱን የሚያረጋው። የእኛ አይብ አሬራው ተሞቆ ስለሚሠራ ሬኔት አያስፈልገውም። ብዙዎቹ የቆየውን አሠራር የሚከተሉ የእንግሊዝ ቺዞች፣ ሚስስ ኪርካምስን ጨምሮ፣ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣውን ነው የሚጠቀሙት። እሱን የሚበሉ ሙስሊሞች አሉ፣ የማይበሉም አሉ፤ ስለዚህ እንግዶችሽን ቀድመሽ ጠይቂያቸው። «ቬጀቴሪያን» የሚል ከተጻፈበት የእንስሳ አይደለም ማለት ነው። ያርግ እንዲያ ነው፣ ለነሱ አስቀድመሽ እሱን አቅርቢላቸው።

ለነፍሰ ጡሯ፦ ነጭ ሻጋታ የለበሱት ለስላሳዎቹ፣ እንደ ተንዎርዝና ባረን ባይጎድ ያሉት፣ ወተታቸው የፈላም ሆነ ያልፈላ ሊስቴሪያ በሚባለው ባክቴሪያ ምክንያት ይቅሩባት። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ጠንካራ ቺዝን አይከለክልም። በጣም ቀላሉ ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የታሸገ ተራ ቼዳር ለብቻዋ ማስቀመጥ ነው፤ እሱ ጨርቅም ሞራም የለውም። ስለ ስቲልተኑ አዋላጇን ትጠይቅ። ደግሞ ስቲችልተንን ከስቲልተን ጋር እንዳታምታቺ። ስቲልተን በሕጉ ፓስቸራይዝድ ከሆነ (ጀርሙ እንዲሞት ከተሞቀ) ወተት ነው የሚሠራው፤ ስቲችልተን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ባልተፈላ ወተት የሚሠራ ሌላ ቺዝ ነው፣ ስቲልተን ተብሎ መሸጥም አይችልም።

ወተት ሆዱን የሚነፋው እንግዳ ካለም ቼዳሩን አይፍራ። የወተቱ ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል፣ የቀረው ቺዙ ተቀምጦ ሲበስል ያልቃል።

ጓዳ_ጠባቂ፦

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ስሙ፦ ስቲልተን መሠራት የሚችለው በሦስት አውራጃዎች ብቻ ነው፤ በደርቢሻየር፣ በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር። ስሙን የሰጠችው ስቲልተን መንደር ያለችው ካምብሪጅሻየር ስለሆነ እዚያ የተሠራ ቺዝ በዚያ ስም አይሸጥም። ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

ጠጅ_ቤት መለሰ፦

የመጠጡን ነገር ረስታችሁታል። እንግሊዞች ከስቲልተን ጋር ፖርት ወይን ይጠጣሉ፤ ምክንያቱ ጣፋጩ ጨዉንና ምሬቱን ስለሚያበርደው ነው። ጠጅ ያንኑ ይሠራል፣ ግን ጣፈጥ ያለውን ምረጪ። ጌሾው የበረታበት ደረቅ ጠጅ ከሰማያዊው ምሬት ጋር ይጋጫል። ለማይጠጡት ብርዝ አለ። ቺዙ ውስጥ ፖርት ማፍሰስ የሚባል ልማድ ከሰማሽ አትሞክሪው፤ ውስጡ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ዶሮ ወጡ ከተነሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። በርበሬው አፍ ላይ እያለ ላንካሻየር አይቀመስም፣ ስቲልተን ብቻ ነው ጎልቶ የሚሰማው። ሲቀርብም ላንካሻየሩ መጀመሪያ፣ ያርጉ ቀጥሎ፣ ስቲልተኑ መጨረሻ ይበላ። እንጀራ አልመክርም፤ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ የላንካሻየሩን ኮምጣጣነት ይሸፍነዋል። የአጃ ብስኩት፣ ወይም ጥቁር አዝሙድ ያልገባበት ድፎ ዳቦ ይሻላል። ስቲልተኑ ላይ ጥቂት ነጭ ማር፣ ከጎኑ የበሰለ ፒርና ለውዝ። በዮርክሻየር የፍራፍሬ ኬክን ከዌንስሊዴል ቺዝ ጋር ነው የሚበሉት፤ የፈረንጅ ገና ኬክ ከተረፈሽ ከላንካሻየሩም ጋር ይሄዳል።

ሸዋዬ_ለንደን፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቅርፊቱ ይበላል?

ቢላና_ሰሌዳ፦

የያርጉ የሳማ ቅጠል ይበላል፣ እንዲያውም ከሥሩ ያለው ለስላሳው ክፍል ነው ምርጡ። የስቲልተኑ አይጎዳም ግን ደረቅና መራራ ነው፣ ለይተሽ ተዪው። የላንካሻየሩ ላይ የጨርቅ ክር ቀርቶ እንደሆነ እዪና ግፈፊው።