ስለ ወረዳ ሠራተኞች የሥልጠናና የስብሰባ ጉዞ ወጪ ማን፣ እንዴት ይጠየቃል?

ነዋሪው
ወረዳችን ውስጥ ግንቦት ከገባ ወዲህ ኃላፊዎቹም ባለሙያዎቹም «ሥልጠና ላይ ናቸው» ነው የሚባለው። ሥልጠናው ደግሞ አንዴ አዳማ፣ አንዴ ሐዋሳ ነው። በጎን ግን ለጤና ጣቢያው ሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ ለትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሲጠየቅ «በጀት አልቋል» ይባላል። ሴክተር መሥሪያ ቤቱን ስንጠይቅ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይልከናል፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ መልሶ ወደ ሴክተሩ። የማንንም ስም ማጥፋት አንፈልግም፤ ወጪው አግባብ ከሆነም አውቀነው ይረፍልን። የትኛውን ሰነድ፣ ከማን እንጠይቅ?

ፑል ሒሳብ
የሚያመላልሳችሁ የፑል (የብዙ ሴክተሮችን ሒሳብ በጋራ የሚይዝ ክፍል) አሠራሩ ነው። በአብዛኛው ወረዳ ሴክተሩ የራሱ ሒሳብ ክፍል የለውም። ጉዞውን የሚያዝዘው የሴክተሩ ኃላፊ ነው፤ ክፍያው የሚፈጸመውና ሰነዱ የሚቀመጠው ግን ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሥር ባለው ፑል ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ጻፉና ለሴክተሩ ግልባጭ አድርጉ። ያኔ አንዱ በሌላው አያመካኝም።

«ለአበል ስንት ወጣ?» ብላችሁ ብቻ ግን አትጠይቁ። የአንድ ሥልጠና ወጪ በአንድ የሒሳብ መደብ (የወጪ ዓይነት ኮድ) ላይ አይቀመጥም። ውሎ አበሉ 6231 ላይ፣ የትራንስፖርት ክፍያው 6232፣ ነዳጁ 6217፣ የአዳራሽ ኪራዩ 6252፣ መስተንግዶው 6233፣ የአገር ውስጥ ሥልጠና የሚባለው 6271 ላይ ተበትኖ ነው የምታገኙት። 6231ን ብቻ ያየ ሰው «ይኼማ ትንሽ ነው» ብሎ ይመለሳል። የስድስቱንም መደቦች የጸደቀ በጀት፣ የተስተካከለ በጀትና የወር በወር ወጪ በአንድ ላይ ጠይቁ።

የተስተካከለው ከጸደቀው በልጦ ካገኛችሁት፣ ብዙውን ጊዜ የበጀት ዝውውር ተደርጓል ማለት ነው። የዝውውር ደብዳቤውን አስወጡ፤ ገንዘቡ ከየትኛው መደብ እንደተነሣ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከ6215 (የትምህርት ዕቃዎች) ተነሥቶ 6231 ላይ አርፎ ከሆነ የጠመኔው ነገር ተገኘ።

ለምን ግንቦትና ሰኔ ላይ ይበዛል? በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ተመላሽ ይሆናል። የዕቃ ግዥ ጨረታ ሳምንታት ይፈጃል፤ አበል ግን አንድ የጉዞ ደብዳቤ ካለ በአንድ ቀን ይከፈላል። ጥፋቱ ከሠራተኛው ይልቅ የግዥ ዕቅዱን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳያወጣ የከረመው ኃላፊ ላይ ነው የሚወድቀው፤ እኔ በዚህ አቋሜ ጽኑ ነኝ።

የኦዲት ባለሙያ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። ጥቅል አሃዙ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሁለትና ሦስት ጉዞ መርጣችሁ ከነአባሪው ተመልከቱ። አንድ የአበል ክፍያ የጥሪ ደብዳቤ፣ የኃላፊው የጉዞ ትዕዛዝ፣ የመነሻና የመመለሻ ቀንና ሰዓት ያለበት የአበል ቅጽ፣ ሲመለሱም የጉዞ ሪፖርት ሊኖረው ይገባል። ብዙ ጊዜ ጉዱ የሚወጣው የጥሪ ደብዳቤውንና የአበል ቅጹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ነው፤ ጥሪው የ3 ቀን ሆኖ አበሉ የ6 ቀን ይሆናል። የመንገድ ቀን መጨመሩ ያለ ነው፣ ግን ከርቀቱ ጋር መመጣጠን አለበት።

የምግቡ ነገር ደግሞ በጣም ይዘነጋል። የፌዴራሉ የአበል አከፋፈል ለቁርስ 10፣ ለምሳ 25፣ ለእራት 25፣ ለመኝታ 40 በመቶ ነው፤ የክልላችሁን መመሪያ አመሳክሩ። አዘጋጁ ምሳ ካበላ የምሳው ድርሻ ከአበሉ መቀነስ አለበት። የቀን አበሉ 600 ብር ነው ብንል የምሳው ድርሻ 150 ብር ይሆናል። 20 ሰው ለ5 ቀን ሳይቀነስለት ከተከፈለ 15,000 ብር ያለአግባብ ወጣ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የ6233ን ወይም የሆቴሉን ደረሰኝ ከአበል ቅጹ ጋር ማገናኘት ይበቃል።

በመሥሪያ ቤት መኪና ለሄደ ሰው 6232 ላይ የትራንስፖርት ክፍያ መታየት የለበትም። የመኪናውን የጉዞ መዝገብ ጠይቁና ቀኑን አስተያዩ። ያልተወራረደ (በደረሰኝ ያልተዘጋ) ቅድሚያ ክፍያ ካለም በስም ሳይሆን በሥራ መደብና በቀን ዝርዝሩ ይውጣ በሉ። የእንዲህ ዓይነቱ ተሰብሳቢ ሒሳብ አለመወራረድ የዋና ኦዲተር ሪፖርቶች ዓመት በመጣ ቁጥር የሚያነሡት ችግር ነው።

ቻናል ሦስት (ከመንግሥት ሒሳብ ውጭ በአጋር ድርጅት በቀጥታ የሚወጣ ገንዘብ)
አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠናውን መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት አዘጋጅቶት አበሉን በቀጥታ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ያ ገንዘብ በወረዳው ሒሳብ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ «በአጋር ድርጅት የተሸፈኑ ጉዞዎች ዝርዝር» የሚል መስመር ደብዳቤያችሁ ላይ ይግባ፤ ለአንድ ቀን ሁለት አበል የሚገኘው በዚህ በኩል ነው። ደግሞም የመስክ ክትትልን ከሆቴል ስብሰባ ጋር አትደባልቁት። የግብርና ባለሙያው ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር የሚከፈለው አበልም ያው 6231 ነው፣ እሱ ሲቆረጥ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ነዋሪው
እናመሰግናለን። «የውስጥ ሰነድ ነው፣ አይሰጥም» ቢሉንስ?

የመረጃ መብት
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ደግሞ መረጃውን ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም፤ ምላሹም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ፤ አንዱን አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይደረግበት አትውጡ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ብዙ ጥያቄ ውኃ የሚበላው ቅጂው ማኅተም ስለሌለው «አልደረሰንም» ተብሎ ነው። ከተከለከላችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በሉ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፤ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች አሉት።

ጎን ለጎን አንድ ቅጂ ለወረዳው ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ አስገቡ። የሐምሌው በጀት ከመጽደቁ በፊት ከደረሰ የኮሚቴው አባላት በስድስቱ መደቦች ላይ ጥያቄ ማንሣት ይችላሉ፤ ከጸደቀ በኋላ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ነው።