የድሮውን ዳክቴልስ ዛሬ ለሚፈልግ፦ የቱን ይግዛ?

ሰሞኑን የእህቴ ባል ደወለልኝ። «ለልጁ ያን በልጅነታችን የምንወደውን ጌም ልገዛለት ነው፤ ዳክዬው በከዘራ የሚነጥርበትን። ሦስት ዓይነት አገኘሁ፣ የቱን ላምጣለት?» አለኝ። እሱን ያልኩትን ነው እዚህም የምጽፈው።

ዳክቴልስ በዲዝኒ ካርቱን ላይ ተመስርቶ የተሰራ ጌም ነው። የጃፓኑ ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1989 ለኔንቲንዶ የጌም ማሽን አወጣው። ከካርቱን የሚሰራ ጌም አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ለመሸጥ ያህል ይለቀለቅ ነበር። ይሄን ግን የሰሩት ሜጋ ማን የሚባለውን ዝነኛ ጌም የሰሩት የካፕኮም ሰዎች ናቸው፤ ገና እጃችሁ ላይ ሲገባ ያስታውቃል።

ነገሩ ሁሉ ከዘራው ላይ ነው። ትዘላላችሁ፣ አየር ላይ እያላችሁ የታች ቁልፉንና የ«ቢ» ቁልፉን አንድ ላይ ትጫናላችሁ፣ ዳክዬው አጎት ስክሩጅ ከዘራው ላይ ቆሞ እንደ ኳስ ይነጥራል። ጠላት ጭንቅላት ላይ ይነጥራል። እሾህ ላይ ሳይቀር ይነጥራል። ሂማላያ የሚባለው ዙር ስትደርሱ ግን በረዶው ይይዘዋል፤ ነጥሮ ሲያርፍ ይቀረቀርና ጠላት ይደርስበታል። አንዲት እንቅስቃሴ ናት፣ ግን ቦታው በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ታስባችኋለች። የጨረቃው ዙር ሙዚቃ ደግሞ ለብቻው ይወራለታል። ሂሮሺጌ ቶኖሙራ የደረሰው ነው። ያኔ በነበረችው ትንሽ የድምፅ ቺፕ እንዲህ ሆድ የሚያባባ ዜማ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወደ ምርጫው ልግባ። ዋናውን ካሴት የምመክረው የድሮው ኔንቲንዶ ማሽን ቤቱ ላለ ሰው ብቻ ነው። ስትገዙም ተጠንቀቁ። እኔ ከአንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት አስመስለው የሰሩት ሆኖ ተገኘ። ተለጣፊው ላይ ያለው ቀለም ደብዘዝ ብሎብኝ ነበር፣ ግን ዝም ብዬ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ስፈታው ውስጡ ያለው ሰሌዳ ላይ «ኔንቲንዶ» የሚል ጽሑፍ የለም። እውነተኛው ላይ ስሙም ዓመቱም ታትሟል። ስለዚህ ሻጩ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካሴቱ አልሰራ ካለ ደግሞ እንደ ልጅነታችን እፍ አትበሉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብረቱን ያዝገዋል። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ የወርቅማውን ጥርስ ጥረጉት። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፦ ሴቭ ማድረግ የለም። ላይፍ ካለቀ ከዜሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሪማስተርድ፣ ማለትም እንደ አዲስ የተሰራው ዳክቴልስ፣ ለዓይን ያምራል። ገጸ ባሕርያቱ በእጅ የተሳሉ ናቸው። የካርቱኑ ስክሩጅ አለን ያንግ በዘጠናዎቹ ዕድሜው ተመልሶ ድምፁን ሰጥቶታል፤ ይሄን ስሰማ በእውነት ደስ ብሎኛል። ችግሩ ወሬ ይበዛበታል። ሩጫው ሲሞቅ ጌሙ ቆም ብሎ ገጸ ባሕርያቱ ማውራት ይጀምራሉ። ካርቱኑን ለሚወድ ሰው ግዙለት፣ መዝለሉን ለሚወድ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው።

የኔ ምርጫ ዲዝኒ አፍተርኑን ኮሌክሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለፕሌይስቴሽን 4፣ ለኤክስቦክስ ዋንና ለኮምፒውተር ወጣ። ስድስት ጌም በአንድ ላይ ነው። ዳክቴልስ 1 እና 2 አሉበት። ቺፕ ኤንድ ዴል አለበት፤ ሁለት ልጆች አብረው ይጫወቱታል፣ ሣጥን እያነሱ ይወረውራሉ። ወንድምና እህት ያለበት ቤት ይሄ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። ዳርክዊንግ ዳክም ጥሩ ነው። ቴልስፒን ብዙም አልያዘኝም።

ከሁሉ የወደድኩት ወደ ኋላ መመለሻውን ነው። ስትሞቱ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ሁሉ ነገር ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ከተሳሳታችሁበት ትቀጥላላችሁ። የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በየደቂቃው ትጫነው ነበር። በሦስተኛው ቀን የአማዞንን ዙር ያቺን ቁልፍ አንዴም ሳትነካ ጨረሰችው። ማንም አላስተማራትም።

ስትጀምሩ ቀላሉን ደረጃ ምረጡ፣ ከአማዞን ተነሱ። የአፍሪካውን ማዕድን ቶሎ አትሞክሩት፤ ቁልፉ ያለው ትራንስልቬኒያ ነው፣ ያለ እሱ ይመልሷችኋል። ጆይስቲኩ ላይም የመስቀሉን ቁልፍ ተጠቀሙ፤ በአውራ ጣት በሚገፋው ዱላ ከሆነ የስክሩጅ ከዘራ አንዳንዴ እምቢ ይላል።